ከቅጣት ዝርዝር የወጣ ጓሮ

ልጅ ሳለሁ በተማርኩበት የጎንደር ትምህርት ቤት አፈር የምንነካው አጥፍተን ስንገኝ ብቻ ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላ በር ላይ የተያዘ ተማሪ መኮትኮቻ ይሰጠውና ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ይላካል፤ ክፍል ውስጥ ያወራ ሣር ይነቅላል፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የተደባደቡ ሁለት ልጆች ደግሞ አንድ ባልዲ አብረው ተሸክመው ችግኝ ያጠጣሉ። ጎበዝ ተማሪ ማለት እጁ ንጹሕ የሆነ ተማሪ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያው ከተማ፣ በሌላ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጥሬ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን እንድይዝ ሲነገረኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ከመጋዘን የወጡልኝ ዕቃዎች እጀታቸው የወላለቀ ሦስት መኮትኮቻዎች ነበሩ፤ አውጥቶ ያስረከበኝ ሠራተኛም ምንም ሳይጠራጠር «ዛሬ ስንት ልጅ ዘገየ?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጆችን ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ጤናማ ምግብና ስለ አካባቢያቸው ማስተማር ሲባል ሥራው ዕውቀት ማካፈል ይመስለኝ ነበር። ዘር በምን ያህል ጥልቀት እንደሚዘራ፣ ካሮት ለዓይን ምን እንደሚጠቅም፣ ዛፍ ለምን እንደማይቆረጥ ብነግራቸው የቀረውን ራሳቸው የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር። በጓሮው ውስጥ ያሳለፍኳቸው አምስት ዓመታት ያሳዩኝ ግን ልጆቹ ከመማራቸው በፊት መርሳት ያለባቸው ነገር መኖሩን ነው፤ እርሱም ከእኛ ከአዋቂዎቹ የወረሱት የአፈርና የቅጠል ንቀት ነው።

ንቀቱን የሚማሩት ከቋንቋችን ጭምር ነው። «ጎመን በጤና» ስንል ጎመንን ያሞገስን ይመስላል፤ ነገር ግን አባባሉ የሚለው ሥጋውን በክርክርና በችግር ከምበላ ጎመኑን በሰላም ብበላ ይሻለኛል ነውና ጎመን የቀረበው ሰው ሲቸግረው የሚታገሰው ነገር ሆኖ ነው። በመስቀል ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን የምናሰናብተውም ይህንኑ ምንቸት ነው። የአባባሉን ምክንያት አልዘነጋሁም፤ ክረምት የጎተራው ጥሪት የሚሟጠጥበትና አዲሱ እህል ያልደረሰበት ወቅት በመሆኑ ገበሬው በጎመን ይገፋው ነበር፤ ስለዚህ የምንቸቱ መውጣት የረሃብ መውጣት ነው፣ ደስታውም እውነተኛ ደስታ ነው። ረሃቡን ያላየ የከተማ ልጅ ግን ከአባባሉ የሚወርሰው ንቀቱን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባውን ልጅ «ገበሬ» ብለው የሚሳደቡ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም መምህራን አሉ። ጠዋት «ገበሬ» ተብሎ የተሰደበ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዶማ አንስቶ በደስታ ይቆፍር ዘንድ መጠበቅ እንግዳ ነገር ነው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 38 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት እንደሌላቸው፣ በአማራ ክልል ደግሞ ቁጥሩ 46 ከመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። ክልሉ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ሽምብራ በብዛት የሚመረትበት አገር ነው፤ ከእኛ በስተደቡብ ያለው የደንቢያ ሜዳ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ለሌላው አገር ጭምር ይልካል። ጎንደርም ብትሆን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ትምህርት ከብዙ ከተሞች ቀድማ የሰማች ከተማ ናት። ለመቀንጨር ምክንያት የሚሆኑት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ድህነት አለ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ አለ፣ የእናቲቱ የራሷ አመጋገብ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግን የልጁ ሆድ በእንጀራና በሽሮ ሞልቶ ሳለ ቅጠል፣ ፍራፍሬና እንቁላል ሳይቀምስ የሚያልፋቸው ሳምንታትም ይቆጠራሉ።

ስለዚህ የጀመርኩት ከጎመን ነው። ለልጆቹ ጎመን ስለሚሰጠው ጥቅም አላወራሁም፤ የዘር ሐረጉን ነገርኳቸው። የሐበሻ ጎመን ብለን የምንጠራው ተክል መገኛው ይኸው የእኛ ደጋ መሆኑን፣ በጥንት ዘመን ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነ ተክል ተዳቅለው ያስገኙት መሆኑን፣ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መመዝገቡን ስነግራቸው በትዝብት ያዩኝ ነበር። የተቀበሉኝ ጥቂት የጎመን ዘር በመዳፌ ይዤ ባሳየኋቸው ጊዜ ነው። አንዱ ልጅ ወዲያው «ቲቸር፣ ይኼማ ማሰሻ ነው!» አለ። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱን የምታስስበት ዘር መሬት ውስጥ ቢገባ ጎመን እንደሚሆን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር፤ ከሠላሳ ሁለቱ የክበቡ ልጆች መካከል የሚያውቁት አራት ብቻ ነበሩ።

ጓሮ ለመጀመር ስንነሣ መጀመሪያ የተጣላነው ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር ነው። በጎንደር ዝናቡ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ትምህርት ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም ይጀምርና ዝናቡ ሲጀምር ይዘጋል። መጻሕፍት «በክረምት ዝሩ» ቢሉም በክረምት ተማሪ የለም። የትምህርት ቤት ጓሮ በእኛ አገር በበጋ፣ በሰው ትከሻ ውሃ እየተጓጓዘለት የሚኖር ጓሮ ነው፤ ያውም የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና እናቶች ሌሊት ተነሥተው በርሜል በሚሞሉበት ከተማ። ወላጆች «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለጎመን?» ብለው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። መፍትሔ ያደረግነው ልጆች ከምሳ በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ በሳፋ መሰብሰብ ነበር፤ ሳሙና የበዛበትን የመጀመሪያውን እጣቢ ለባሕር ዛፉ እንሰጣለን፣ የማለቅለቂያውን ወደ መደቡ እንወስዳለን። ለቲማቲሞቹ ደግሞ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስተን፣ ቂጡን ቆርጠን፣ በአፉ ደፍተን ከሥራቸው አጠገብ ቀበርንላቸው፤ ጠዋት የሞላነው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ እስከ ከሰዓት ይቆያል። መደቡን ሣር ማልበስ የተማርነው ግን ዘግይተን ነው፤ አፈራችን ጥቁር ዋልካ በመሆኑ በታኅሣሥ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ልጆቹ እስክሪብቷቸውን ስንጥቁ ውስጥ እየከተቱ ይለኩት ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ሰብል በአብዛኛው የእኔ ጥፋት ነው። ከሰፈር በነጻ ያገኘሁትን ትኩስ ፍግ ሳይብላላ መደቡ ላይ በተንኩትና ያዛወርናቸው ችግኞች በአሥር ቀን ውስጥ ቢጫ ሆነው ደረቁ። ካሮቱን በጣት ጥልቀት ስላስዘራሁ ሳይበቅል ቀረ፤ የካሮት ዘር በስሱ አፈር ብቻ እንደሚሸፈን ያወቅሁት ኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የደንቢያ ሰው ናቸው፤ ልጆቹም እኔም «አባባ» ነው የምንላቸው። ኮምፖስት ለማዘጋጀት ጉድጓድ ስናስቆፍር በር ላይ ቆመው ሲስቁ ሰማኋቸውና ከእኚህ ገበሬ የሆነ የአባቶች ዘዴ እማር ይሆናል ብዬ ቀረብ ስል «መምህርት፣ ይኼን ሁሉ ጥራጊ ከምታስቀብሪ አንድ ቁና ዩሪያ ብታመጪ አይሻልሽም?» አሉኝ። የተፈጥሮን ነገር ከሽማግሌ እማራለሁ ያልኩት ሰውዬ የሚያምኑት ከፋብሪካ በሚመጣው ማዳበሪያ፣ በዩሪያ ነበር። እኔም «አባባ፣ ሦስት ወር ይታገሡኝና ያዩታል» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ብዙ አልተማመንኩም ነበር።

ደረቅ ሣር፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግ፣ አመድና አፈር እየደራረብን፣ በየመሐሉ ውሃ እያርከፈከፍን ሞላነው፤ በመካከሉም ረጅም በትር ተከልንበት። ይህ በትር ከመላው የዓመቱ ትምህርት ይልቅ ተወዳጅ ሆነ። በትሩ በየሳምንቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ትኩስ ከሆነ ብስባሹ እየሠራ ነው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል፣ ከሸተተ ደግሞ አየር አጥቷልና መገልበጥ አለበት። አንዲት ልጅ በትሩን በጉንጯ አስነክታ «እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፣ እየፈላ ነው» ስትል እኔ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ላደርገው የነበረውን ገለጻ ተውኩት። አባባም በአራተኛው ወር ጥቁሩን ብስባሽ በመዳፋቸው ጨምቀው አሸተቱና ምንም ሳይሉ ከደጃፋቸው ለተከሏት የጌሾ ተክል በቆርቆሮ ሞልተው ወሰዱ። ዩሪያውን ግን እስከ ዛሬ ይመኙታል።

ስለ አንዲት ልጅ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከበለሳ በኩል መጥታ ከዘመድ ጋር የምትኖር፣ ስድስተኛ ክፍል የገባች ልጅ ነበረች። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፤ ስትናገር አነጋገሯን እየደገሙ የሚስቁባት ልጆች ስለነበሩ ዝምታን መርጣለች። በኅዳር ወር መደቡን ስናርም የከተማው ልጆች ጎመኑንና አረሙን መለየት አቅቷቸው በአንድ ረድፍ ያለውን የጎመን ችግኝ ጠርገው ሲነቅሉት ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ አላስቻላትምና ተንበርክካ «ይኼ ሰናፍጭ ነው፣ ቅጠሉ ይሻክራል፤ ይኼ ነው ጎመኑ» እያለች መለየት ጀመረች። ቀጥላም አንዱን ለስላሳ ተክል ይዛ «ይኼ አሉማ ነው፣ አትጣሉት፣ ለጋው ተቀቅሎ ይበላል» አለች፤ ከአጥሩ ሥር ነጭ አበባ ያለውን ተክል ሊቆርጥ የሄደውን ልጅ ደግሞ «ተው! እሱ አስተናግር ነው፣ የበላ ሰው ሲለፈልፍ ያድራል» ብላ ጮኸችበት። ስለ አስተናግር መርዛማነት የተናገረችው ትክክል ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ከመለፍለፉ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ልጆቹ አረም በያዙ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳዩት ለእርሷ ሆነ። ይህች ልጅ ይህን ሁሉ የምታውቀው ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያስተማራት ነገር ቢኖር የምታውቀውን መደበቅ ነበር። በተማሪዎች ፊት አፍሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አፈርኩ።

የምግቡ ትምህርት ከጓሮው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የምግብ ንቀት በምሳ ዕቃ ውስጥ በየቀኑ ይታያል። በምሳ ሰዓት በክፍሎቹ መካከል ስመላለስ የማየው ነገር አለ፤ መኮሮኒ ወይም ማርማላታ የተቀባ ዳቦ የያዘ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፣ ጎመን በእንጀራ የያዘ ልጅ ክዳኑን በግማሽ ከፍቶ በግራ እጁ እየሸፈነ ይጎርሳል። ከደጃፍ የሚሸጠው ብስኩት፣ የታሸገ ድንችና ባለ ቀለም ጣፋጭ መጠጥ ደግሞ ገንዘብ ያለው ልጅ መለያ ነው። ወላጆችንም ልወቅስ አልችልም፤ ልጃቸው እንዳይናቅባቸው ጎመኑን ለራሳቸው አስቀርተው መኮሮኒውን ይቋጥሩለታል። እናቴም አዘዞ ሳለን እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጓሮዋ ውስጥ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ሞልቶ ሳለ እንግዳ ሲመጣ ግን ከሱቅ የታሸገ ነገር ታስመጣለች፤ ከጓሮ የተቀነጠሰ ነገር ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ይመስላት ነበር።

ስለዚህ በጥር ወር፣ ጎመኑና ቆስጣው ሲደርስ፣ በከሰል ምድጃ አበሰልን። የሁለት ተማሪዎች እናቶች ድስትና ቢላዋ ይዘው መጡ። እዚህ ላይ ከእናቶቹ ጋር ጥቂት ተከራከርን፤ እነርሱ የለመዱት ጎመኑን ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ፣ ጨምቆ ውሃውን መድፋት ነው። እኔ ደግሞ ቫይታሚን ሲ በሙቀት እንደሚጠፋና ከውሃው ጋር እንደሚደፋ፣ ስለዚህ በጥቂት ውሃ ቶሎ አብስሎ ከነውሃው መተው እንደሚሻል ተናገርኩ። አንደኛዋ «ይመራል፣ ልጆቹ አይበሉትም» አሉ፤ ልክም ነበሩ፤ የሐበሻው ጎመን ምሬት ስላለው ግማሹን በእርሳቸው ግማሹን በእኔ ዘዴ ሠራነውና ልጆቹ የእርሳቸውን ጨረሱት፣ የእኔን ሎሚ ጨምቄበት ነው የበሉልኝ። ዘይቱን በተመለከተ ግን ተስማማን፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ የሚሆን ነገር ሰውነት የሚቀበለው ቅባት ሲኖር ነው፣ ሎሚው ደግሞ በቅጠሉና በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት እንዲዋጥ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ሻይ ብረቱን ስለሚያግድ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ የያዙት አንድ ቃል ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ማታ ማታ ማየት የሚከለክል በሽታ እንደሚያመጣና ስሙም ዳፍንት እንደሚባል ስነግራቸው ሳቅ ሆነ፤ ኳስ ያመለጠውን በረኛ «ዳፍንታም» እያሉ የሚሰድቡበት ቃል የበሽታ ስም መሆኑን አያውቁም ነበርና። በማግስቱ አንዱ በረኛ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ለሰዳቢው ሲያሳየው አየሁ፤ በዘይት የተሠራ ጎመን ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ጥሬው ነው። ሰላጣ እንዝራ ብለው ሲጠይቁኝ እሺ ያልኩት ውሃችን ከወንዝ የሚቀዳ ስላልሆነ ነው፤ በከተማ መሐል በሚያልፍና ቆሻሻ በሚወርድበት ወንዝ ውሃ የለማ ሰላጣ ወስፋትና ጃርዲያ ይዞ ወደ ገበታ ይመጣል። ከመደቡ የሚነሣ ልጅ ሁሉ ጥፍሩን ጭምር በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲም መቅመስ የተከለከለ ነው። ክልከላው በየጊዜው ይጣሳል።

አካባቢን ስለ መጠበቅ የማስተምረው በተመሳሳይ በጓሮው በኩል ነው፤ በሰሌዳ ላይ «ደን ሕይወት ነው» ብሎ መጻፍ ከሚሰለቹኝ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲኮች በቁመታቸው ቀደን፣ በአንደኛው ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው ከነሣሩ የተነሣ አፈር ሞላን፤ አፋቸውን ወደ ታች አዘንብለን ከሥራቸው ብርጭቆ አኖርንና በእኩል መጠን ውሃ በወንፊት አዘነብንባቸው። ከሣሩ በኩል ጠብ ጠብ እያለ የጠራ ውሃ ወረደ፤ ከባዶው በኩል የወረደው እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነበር። ልጆቹ ብርጭቆውን እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸውና በሁለተኛው ቀን ከታች የረጋውን አፈር በማስመሪያ ለኩት። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ቤታቸው ቧንቧ ወሰድነው። የከተማችን የመጠጥ ውሃ ከሚመጣባቸው አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ ግድቡን ደለል ሲሞላው የኖረው በዙሪያው ያሉት ተራሮች ልብሳቸው ተገፎ ስለቀረ ነው። ደለል በገባበት ቦታ ውሃ አይገባም። ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ከምክንያቶቹ አንዱ ከብርጭቆው ሥር ተቀምጦ ይታይ ነበር። «እና የቀረው አፈር የት ይሄዳል?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ በካርታ አሳየሁት፤ ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል፤ አፈሩና አብሮት የሚታጠበው ማዳበሪያ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስጨነቀውን እምቦጭ ከሚመግቡት ነገሮች መካከል ናቸው። ልጁ ካርታውን ለጥቂት ጊዜ ሲያይ ቆይቶ «እንግዲያው የአባባ ዩሪያም ጣና ይደርሳል» አለ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ከዚህ የቀለለውና ግን ልጆቹን ይበልጥ ያስደነቀው የቀብሩ ሙከራ ነው። በጥቅምት ወር የብርቱካን ልጣጭ፣ የእንጀራ ቁራሽ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ የጥጥ ጨርቅና አንድ ፌስታል በየጉድጓዱ ቀብረን ምልክት አደረግን፤ በሚያዝያ ቆፈርናቸው። እንጀራው የት እንደነበር አልታወቀም፣ ከወረቀቱ ጥቂት ፍርፋሪ ተገኘ፣ ጨርቁ ሲነኩት ተበጣጠሰ። ፌስታሉ ላይ የታተመው ጽሑፍ ግን ይነበብ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታሎችን ማምረትም ሆነ ማስገባት መከልከሉን ስነግራቸው አንድ ልጅ ውጭ ወጥቶ ከአጥሩ እሾህ ላይ ሰባት ፌስታሎች ለቅሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ የምመልስለት ነገር አላገኘሁም።

ዛፍ ለማየት ሩቅ አንሄድም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰው የሚሄደው በጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ለማየት ነው፤ እኔ ልጆቹን የምወስደው በግቢው ያሉትን ጽዶች ለማሳየት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ግቢው ሲገቡ ቅዝቃዜው ፊታቸውን ሲነካቸው፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ሲረገጥ እንደ ፍራሽ ዝቅ ሲል፣ እኛ በአራት ወር በጉድጓድ የሠራነውን ብስባሽ ዛፎቹ ማንም ሳያዛቸው ሲሠሩት ያያሉ። ዛፎቹ ተጠብቀው የኖሩት ሰው ስላከበራቸው ነው። በሐምሌ በየዓመቱ ከምንተክላቸው ችግኞች መካከል ግን በሚቀጥለው ግንቦት በሕይወት የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ተካዩ ብዙ፣ አጠጪው ጥቂት ነው። ስለዚህ በክበባችን አንድ ልጅ አንድ ችግኝ ብቻ እንዲይዝ፣ ችግኙም ስምና የቁመት መዝገብ እንዲኖረው አድርገናል። አብዛኞቹ ልጆች ያወጡላቸው ስም የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም ነው፤ አልከለከልኳቸውም።

በሦስተኛው ዓመት ያልጠበቅሁት ነገር ደረሰ። የክበቡ አባል ያልሆኑ ልጆች ሆን ብለው መዘግየት ጀመሩ። በር ላይ ሲያዙ ፊታቸው ፈክቶ ወደ መኮትኮቻው የሚሮጡ ልጆች ስመለከት ነገሩን ወደ መምህራን ስብሰባ ወሰድኩትና የጓሮ ሥራ ከቅጣት ዝርዝር እንዲወጣ ጠየቅሁ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከልቡ ተጨንቆ «ታዲያ በምን እንቅጣቸው?» አለ። ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ የዘገየ ልጅ ያን ቀን ጓሮ እንዳይገባ ተወሰነ። ውሳኔው የሚገባውን ያህል አላስደሰተኝም፤ ጓሮው እንደገና የቅጣት መሣሪያ ሆኖ የቀረ መስሎ ይሰማኛል፣ አሁን የተገለበጠው ብቻ ነው። ቢሆንም መኮትኮቻዎቹ አዲስ እጀታ የገባላቸው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው።

ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራትም መደቦቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ አባባ ከጌሿቸው ጋር አብረው ሲያጠጧቸው ከርመዋል። ዘንድሮ አንዱን መደብ ሳንቀነጥሰው ትተነው ነበር። ጎመኑ በጥር ቢጫ አበባ አበበ፣ ንቦች መጡበት፣ በመጋቢት ቆባዎቹ ደርቀው መንኳኳት ጀመሩ። የበለሳዋ ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ቆባዎቹን በነጠላዋ ላይ አሽታ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ቆማ አንገዋለለችና አንድ ሙሉ ጣሳ ዘር ወጣ። ለሚቀጥለው ጥቅምት በወረቀት እየጠቀለልን፣ የመደቡን ቁጥር እየጻፍን ሳለ የአንዱ ተማሪ እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጣሳውን አዩና «የእኔ ልጆች፣ ለምጣዴ ማሰሻ የሚሆን ትንሽ ብትሰጡኝ» አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግማሾቹ ይሰጣቸው፣ ግማሾቹ ዘር እንዴት ይፈጫል አሉ። ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በመጨረሻም ድምፅ ተሰጠበትና አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ እንዲሰፈርላቸው፣ ግማሹ ግን እንዲዘራ ተወሰነ፤ እናትየውም ሲኒውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።